የዳቦ ቅርፊትና የመኮሮኒ ጠላ

እናቴ በታመመችበት ዓመት ጠላውን የጠመቀው አባቴ ነው። ዛሬ ይህን ሳወራ ቀልድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በእኛ ሰፈር፣ በየካ ሚካኤል አካባቢ፣ በደርግ ጊዜ ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ ጋን ሲያጥን ማየት በሬ ሲታለብ እንደማየት ነበር።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ጥፍሩ ሁልጊዜ በልኩ የተቆረጠ፣ ክራቫቱ የማይዛነፍ፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። በቤት ውስጥ ሥራ ግን እጁ የለበትም። ውሃ ሲጠማው እንኳ የሚቀዳለት ይጠብቃል። ክፋት አልነበረም፤ እንዲያ ነው ያደገው። እናቴም ከማድ ቤቱ ደጃፍ ካየችው «ምን ፈልገው ነው?» ብላ ትመልሰዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ነው የምትለው።

እናቴ በጠላዋ የታወቀች ነበረች። የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ማኅበርተኛው ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል። ሙያዋን ግን ለማንም አታሳይም፤ ለእኔ ለልጇ እንኳ። ጌሾ ስትወቅጥ ጠጋ ካልኩ «አንቺ ትምህርትሽን ያዢ፤ ጠላው የትም አይሄድም» ትለኛለች። ተማርኩ፣ ሥራም ያዝኩ፤ ጠላ መጥመቅ ግን ሳላውቅ ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ለጥር ሠርጌ ተቆርጦ ነበር። ኅዳር ላይ እናቴ ልብስ እያሰጣች ሳለ ወደቀች። ሐኪም ቤት ከርማ ስትመለስ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ምላሷም ከበድ ብሏል፤ ቃል በቃል እየፈለገች ነበር የምትናገረው። እኔና እጮኛዬ ሠርጉ ይተላለፍ አልን። እሱ ምንም ቅር አላለውም። እናቴ ግን አልሰማ አለች። ቀን የተቆረጠለትን ነገር ማፍረስ አይሆንም አለች፤ እንባዋም መጣ።

የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው ስለ ድግሱ አንስተው ነበር። ወጡንም ጠላውንም እኛ እንይዘዋለን፣ አንቺ ዳኚ እንጂ አታስቢ አሏት። ስለ ወጡ አመሰገነቻቸው። ስለ ጠላው ሲያወሩ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ በተወለድኩ ጊዜ ለክርስትናዬ የጠመቀችው ራሷ ነበረች፤ ያን ዕለት ሠርጓንም በእጄ ነው የምደግሰው ብላ ነበርና ነገሩ ከልቧ አልወጣም። ሴቶቹ ገብቷቸው ወሬውን ለወጡ።

አባቴ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሲሰማ ቆየ። እንግዶቹ ሲሄዱ ተነሣ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እሠራለሁ» አላት።

እናቴ በደንብ ያልሰማች መስሏት ደጋግማ አየችው። «ሰው ምን ይላል? ባሏን ማድ ቤት አስገባች ይሉኛል።»

«ይበሉ» አለ አባቴ።

የጎደለው ግን እጅ ብቻ አልነበረም፤ እህልም ጠፍቶ ነበር። የምንበላው ከቀበሌው ሱቅ በየቤተሰቡ የሚታደል ነው። ከገጠር እህል ይዞ ለመግባት የፈለገ ደግሞ ኬላ ላይ ይፈተሻል። ለአንድ ሠርግ ጠላ የሚሆን ገብስ ከየት ይመጣል? አባቴ በዚህ ተጨንቆ ሲወጣ ሲገባ ሰነበተ። መላውን የዘየደችው እናቴ ናት። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት ከትሪው ላይ የተረፈውን ደረቅ እንጀራ በግራ እጇ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አባቴን አስጠራችው።

«እህል ባይኖር እህል የነበረ አለ» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላ ሲጠመቅ ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ቀጥሎ ብቅል፣ ማለትም በቅሎ ደርቆ የተፈጨ ገብስ፣ ይገባበታል። ከብቅሉ ጋር ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመራል። በስተመጨረሻ በምጣድ ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ዱቄት ይከተላል፤ የጠላውን መልክና ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው። እናቴ ያሰበችው ቂጣውን በደረቀ እንጀራና በዳቦ ቅርፊት፣ ዱቄቱንም ማድ ቤት ውስጥ በተረፈ በማንኛውም የእህል ዘር መተካት ነበር። እንዲህ አድርጋ ጠምቃ አታውቅም። ሲደረግም አላየችም። አልጋ ላይ ተኝታ፣ ጣራ ጣራውን እያየች ያወጣችው ሐሳብ ነው። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ባላት ሰዓት ጭንቅላቷ ውስጥ ሙሉ ጋን ጠላ እየጠመቀች ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ፍርፋሪ አይጣልም ሆነ። እንጀራው በወንፊት ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከአንድ ወቅት የቀበሌ እደላ የተረፈ የተሰባበረ መኮሮኒ በቆርቆሮ ነበረን፤ ማንም የማይወደው፣ ሲቀቀል ሙጫ የሚሆን ዓይነት። አባቴ አውጥቶ አሳያት። እናቴ አንዱን በጥርሷ ሰብራ ቀመሰችና ስንዴ ነው፣ ይቆላ አለች።

ትልቁ እርዳታ የመጣው ካልጠበቅነው ቤት ነው። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ጴንጤ ነበረች። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። እሷም መጠጥ የሚባል ነገር በከንፈሯ አይነካም። የምትሠራው በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ተማሪዎቹ የሚያስተርፉትን የዳቦ ቅርፊት አስፈቅዳ ለዶሮዎቿ ታመጣለች። የኛን ወሬ ስትሰማ አንድ ከረጢት ሙሉ ቅርፊት ተሸክማ በሩን አንኳኳች።

አባቴ ሃይማኖቷን ስለሚያውቅ ተሳቀቀ። ለምን እንደሚውል ነግረውሻል ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ነግረውኛል» አለችው። «እኔ ጠላውን አልቀምስም። እሷ ግን ስታምጥ አብሬያት የነበርኩ ጎረቤቷ ነኝ፤ ልጅቷን እኔም ነኝ የምድራት።»

ቅርፊቱ ተገኘ፤ የቀረው ብቅል ነበር። ብቅል ከሌለ የቀረው ሁሉ ሾርባ ነው ብላዋለች እናቴ። አባቴ ጓዳ ገብቶ ሲበረብር ከአንድ ማሰሮ ሥር ገብስ አገኘና ደስ አለው። ለማንም ሳይናገር ነከረው፣ በቅጠል ሸፈነው፣ ከአልጋው ሥር ሙቀት ያለበት ቦታ አኖረው። በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተንበርክኮ ቅጠሉን ይገልጣል። ገብሱ አልበቅልም አለ። ውሃ ጨመረለት። ቅጠሉን ለወጠለት። በስተመጨረሻ መሽተት ሲጀምር አፍሮ ወደ እናቴ ወሰደው። እሷም አንድ ፍሬ በጣቶቿ አሻሸች፣ አሸተተች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አመማት ብዬ ሮጥኩ። እየሳቀች ነበር። ገብሱ ለበሶ የታመሰ ነው፤ እሳት ያየ እህል አይበቅልም። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የሰማናት ያን ዕለት ነው። አፏ ወደ አንድ ጎን እየሄደባት፣ እንባዋን በግራ እጇ እየጠረገች ሳቀች፤ አባቴም በእጁ የሸተተውን ገብስ እንደያዘ አብሯት ሳቀ።

ስለዚህ እሳት ያላየ ገብስ መገኘት ነበረበት። አባቴ ከከተማው ጫፍ፣ ከካራ ወዲያ የሚያርስ የልጅነት ባልንጀራ ነበረው። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእግሩ ሄደ። አዲሱ ገብስ ገና ከአውድማ የገባበት ወቅት ነው። ባልንጀራው ለሠርግ ነው ሲባል ሙሉ ቁና ሊሰፍርለት ነበር፤ አባቴ ግን ኬላውን አስቦ ለብቅል ያህል ብቻ ወሰደና በካፖርቱ ኪሶች ከፋፈለው። ባልንጀራው የሰጠውን ጌሾም በብብቱ ያዘ።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ሚሊሻ አስቆመው። ሚሊሻው ኪሱን ዳሰሰ፣ ገብሱን አወጣ፣ ለመሸጥ ነው አለው። አባቴ ለልጄ ሠርግ ጠላ ልጠምቅ ነው ቢለው ወጣቱ ክራቫቱን ካየ በኋላ ጭራሽ ተናደደ፤ አንተ ነህ ጠላ ጠማቂ፣ ብቅል እንዴት እንደሚሠራ እስቲ ንገረኝ አለው። አባቴም እናቴ የነገረችውን ሁሉ ዘረዘረለት። ሚስቱ እንዴት እንደወደቀች ነገረው። ገብሱ እንዴት እንደሚነከር፣ በጉሎ ቅጠል እንደሚሸፈን፣ ፂም ሲያወጣ እርስ በርሱ ሳይያያዝ መነካካት እንዳለበት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፤ የታመሰውን ገብስ ሊያበቅል መድከሙን እንኳ አልደበቀም። ሚሊሻው ጠመንጃውን በትከሻው እንዳነገተ ሰማው።

«ጉሎ ካጡ ኮባም ይሆናል» አለው በመጨረሻ። «እናቴ በኮባ ነው የምትሸፍነው።»

ገብሱን መልሶ ራሱ ኪሱ ውስጥ ከተተለት። አባቴ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ገብሱ አልነበረም። አንድ የሰው ልጅ አንቺን እግዜር ይማርሽ ብሏል አላት።

ብቅሉ በቀለ። የሠርጉ ጠላ ከመጠመቁ በፊት እናቴ በትንሽ እንስራ ሙከራ ይደረግ አለች። እኔና አባቴ አልጋዋን ከመኝታ ቤት አውጥተን የማድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ አደረግንላት። ከዚያ ሆና ሁሉን ታያለች። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ እንስራውን በግራዋ ቅጠል አጠበ፣ በወይራ ጭስ አጠነ፣ ዓይኑ ቀልቶ እያሳለ ወጣ። እሷ እንደገና ይታጠን ትላለች። ተመልሶ ይገባል። የካን ቁልቁል የሚወርዱት የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በአጥሩ ክፍተት ሲያዩት ይቆማሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ያልፋሉ። አባቴ ቀና ብሎ እጅ ይነሣቸውና ሥራውን ይቀጥላል።

መኮሮኒውን የሚቆላበት ቀን ነገር ተበላሸ። ብረት ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደ ወረቀት ሥራ ረጋ ብሎ ነው የሚያማስለው። ጭሱ ሲለወጥ እናቴ ከአልጋዋ ተነሥታ ልትሄድ ቃጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ አሳረርከው እኮ» አለችው።

አንተ አለችው። አባቴ ማማሰያውን ይዞ ደርቆ ቀረ። እሷም የተናገረችው ሲገባት በግራ እጇ አፏን ያዘች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ አባቴ ምጣዱን አወረደ፣ ያረረውን አራገፈና፣ በጣም በትሕትና፣ «እሳቱን ልቀንስ?» ብሎ ጠየቃት።

«ቀንስ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በማድ ቤት ሥራ ጊዜ አንተ ሆነ። ቤት ሲገቡ ደግሞ ወደ አንቱ ትመለሳለች። ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ምንም ሲሉ አልሰማሁም፤ ግን አባቴ የማድ ቤቱን ሰዓት እንደሚናፍቅ አውቅ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ታክሲ ሳይጠብቅ ከመገናኛ ዳገቱን በእግሩ እየሮጠ ነበር የሚወጣው።

የሙከራው ጠላ አልተሳካም። እናቴ በማንኪያ ቀምሳ ወዲያው ተፋችው። መኮሮኒው በደንብ ሳይቆላ የገባው ሙጫ ሆኖ ጠላውን አወፍሮታል፤ የትምህርት ቤቱ ዳቦ ደግሞ ጨው አለበት። አባቴ በጣም አዘነ። ያ ሁሉ ቅርፊት፣ ያ ሁሉ ድካም ብሎ ሊተወው ደርሶ ነበር። እናቴ ግን እንደገና በማንኪያ እንዲሰጣት ጠየቀች። ደግማ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ በዚያ በከበደ ምላሷ፣ የሚስተካከለውን ነገረችው። ቅርፊቱ ብቻውን ሳይሆን ከእንጀራው ጋር ይደባለቅ፣ እንጀራው ይብዛ፤ ቅርፊቱ ቀድሞ ምጣድ ላይ ይጥቆር፤ መኮሮኒው እንደ ቡና ተቆልቶ ይፈጭ፤ የጌሾው እንጨትም ይጨመር። አባቴ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አለቃው ደብዳቤ ሲያጽፈው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ አዳመጣት።

ጎረቤታችን ዳግመኛ ከረጢት አመጣች። በዓለ ጥምቀቱ ሲቃረብ ትልቁ ጋን ተሰናዳ። ተጠነሰሰ፣ ብቅሉ ገባ፣ ቅርፊቱና እንጀራው ገባ፣ የተቆላው ገባ። አባቴ አፉን ከድኖ መረገውና ጆሮውን ጋኑ ላይ አስጠጋ። ምን ትሰማለህ ብዬ ጠየቅኩት። እያወራ ነው አለኝ፤ ስሚው ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። እውነትም ውስጡ ቀስ ብሎ ይፈላ ነበር። ከብቅሉም ጥቂት አስቀርቶ ጌሾ የሌለበት፣ የማያሰክር ጣፋጭ መጠጥ ለጎረቤታችን ለብቻ አዘጋጀ። ይህን ግን ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ያሰበው ነው።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ከግቢያችን አልፎ የጎረቤታችንን አጥር ተሻግሮ ነበር። እናቴን አልብሰን፣ ትራስ ደግፈን፣ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጥናት። ጠላው ሲቀዳ እኔ ከሙሽራው ጎን ተቀምጬ ከራሴ ሠርግ ይልቅ የሰዉን ፊት ነበር የማየው። የጠላው መልክ ቀይ ጥቁር፣ ጠርቶ የወረደ ነበር። በማኅበሩ ውስጥ አንቱ የተባሉ፣ ጠላ ካልጣማቸው በትሕትና ዋንጫውን ወደ ጎን የሚያኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ተጎነጩ። ቆዩ። ጨረሱትና «ድገሙኝ» አሉ። እናቴ ያን ጊዜ ነው ወደ ኋላ ተደግፋ የተነፈሰችው።

ከአባቴ መሥሪያ ቤት የመጡት ሁሉ አንድ ጥግ ተቀምጠዋል። አለቃው ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ወደ እናቴ ዞረ።

«እመቤት፣ በሽታም ቢሆን የእርስዎን እጅ አልለወጠውም» አላት።

እናቴ ቃሉን እስክታገኝ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በግራ እጇ ወደ አባቴ ጠቆመች።

«እጁ የሳቸው ነው» አለች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወደ አባቴ ዞሩ። ነገሩን የሰፈሩ ሰው ያውቅ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አያውቅም። አባቴ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል፤ ያን ጊዜም ቀላ። ይክዳል ወይም ሳቅ አድርጎ ያልፈዋል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥቶ ቆመ፣ ክራቫቱን አቃና።

«እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ሠራሁ» አለ። «ጉድለት ካለው የኔ ነው። ከጣፈጠ የሷ ነው።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ባልቴቷ ናቸው፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ስለ መኮሮኒው ግን ለማንም አልተነገረም። ጎረቤታችን ብቻ ለሷ የተዘጋጀውን ብርጭቆ ይዛ በአጥሩ በኩል እየሳቀች ታየን ነበር።

መሥሪያ ቤት «ጓድ ጠማቂ» የሚል ስም ወጣለት። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ እሱ ሲጠሩት አቤት ስላለ ማሾፉ ሰነፈ። ከወራት በኋላ ሚስቱ ታማ የተኛችበት አንድ የሥራ ባልደረባው ሰው ሳያየው መጥቶ ለልጁ ክርስትና ጠላ አጠማመቁን እንዲያሳየው ለመነው። አባቴ ወደ በረንዳው ወሰደው፣ ከእናቴ ፊት አስቀመጠው፤ ጠይቃት፣ እኔ የሷ ተማሪ ነኝ አለው።

እናቴ በከዘራ መሄድ ጀመረች። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም፤ ስለዚህ ማድ ቤቱ የአባቴ እንደሆነ ቀረ። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሲደርስ እሱ ይጠምቃል፣ እሷ ትቀምሳለች። ዘመኑ ተለውጦ ገብስ እንደልብ መግዛት ሲቻልም ይህ አልተለወጠም። እኔ ልጆቼን ይዤ ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኛቸው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ እሷ በማንኪያ ይዛ፣ እሱ ፊቷን እያየ ፍርዷን ሲጠብቅ።

እሷ ስታርፍ ለተዝካሩ የሰፈሩ ሴቶች ጠመቁ። አባቴ አልተቃወመም። ለምን አንተው አልያዝከውም ብዬ በኋላ ጠየቅኩት። «ማን ቀምሶ ይነግረኛል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጋኑን ለሚካኤል ሰንበቴ ሰጠ፤ ዳግመኛም አልጠመቀም። የሰው ጠላ ሲቀዳለት ግን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ የጠመቀችው ሴት እስክትመጣ ጠብቆም እጅሽን ይባርከው ይላታል። የኮመጠጠም ይሁን የቀጠነ፣ በማንም ጠላ ላይ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።